ከመረጃ መሰብሰቢያ ካርድ የሚገኘው የ5 ቮልት ኃይልና በአጠቃቀሙ ረገድ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በማጠራቀሚያ ገንዳ የሚገኘውን የውኃ ከፍታ፣ በማከማቻ ክፍል ያለውን ሙቀት፣ በቧንቧ ውስጥ የሚያልፈውን ግፊትና የመሳሰሉትን መጠኖች ሰው በዓይኑ አንብቦ በመዝገብ ላይ ማስፈሩ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ልኬቱ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ እንዲከናወን በሚፈለግበት ጊዜ የሰው ኃይል ብቻውን ስለማይበቃ፣ ሥራውን ለኮምፒዩተር ማስረከብ በቤተ ሙከራዎች፣ በፋብሪካዎችና በቴክኒክ ማሠልጠኛ ተቋማት የተለመደ ሆኗል።

ይህንን አሠራር ካስቻሉት መሣሪያዎች አንዱ በባለሙያዎች ዘንድ ዳታ አኩዚሽን ካርድ በመባል የሚታወቀው የመረጃ መሰብሰቢያ ካርድ ነው። ካርዱ ከሴንሰር የሚመጣለትን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር እየቀየረ ለኮምፒዩተሩ ያቀብላል፤ ኮምፒዩተሩም ቁጥሩን በሰዓትና በቀን ለይቶ ይመዘግባል። ሴንሰር ግን ራሱ ለመሥራት ኃይል ያስፈልገዋል። የካርድ አምራቾችም ይህንን በመገንዘብ ከምልክት መቀበያ ጫፎቹ ጎን ለጎን የ5 ቮልት ኃይል የሚሰጥ ጫፍ ያዘጋጃሉ።

ይህ ጫፍ ለተጠቃሚው ትልቅ ምቾት የሚሰጥ ነው። ሌላ የኃይል ምንጭ መግዛት፣ ሌላ ሶኬት መፈለግም ሆነ ተጨማሪ ሽቦ መዘርጋት ሳያስፈልግ አነስተኛ ሰርኪዩት ወዲያውኑ ሥራ ይጀምራል። ችግሩ የሚመጣው መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን፣ ወይም ለልኬት የሚያገለግለው ሴንሰርና ለማብራት ማጥፋት የሚያገለግለው መሣሪያ በአንድነት ሲጋሩት ነው። በዚህ ጊዜ ካርዱ ላይቃጠል፣ ኮምፒዩተሩም ላይቆም ይችላል። የሚበላሸው የተመዘገበው ቁጥር ነው፤ የተበላሸ ቁጥር ደግሞ ከትክክለኛው ተለይቶ የሚታወቅበት ምልክት የለውም። ቁጥሩ በሪፖርት ተጠናቅሮ ለውሳኔ የሚቀርብላቸው የሥራ ኃላፊዎች ጉዳዩን በመጠኑም ቢሆን ማወቃቸው ጠቃሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የኃይሉ ምንጭና መጠኑ

የመረጃ መሰብሰቢያ ካርዶች በአገጣጠማቸው በሁለት ዋና ዋና ወገኖች ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጥ የሚሰኩ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ በዩኤስቢ ገመድ ከውጭ የሚያያዙ ናቸው። በሁለቱም ወገን የ5 ቮልቱ ኃይል የሚመነጨው ከኮምፒዩተሩ ነው። ካርዱ በውስጡ የኃይል ማመንጫ ስለሌለው የኮምፒዩተሩን ኃይል ተቀብሎ የተወሰነውን ክፍል ለተጠቃሚው ያስተላልፋል።

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ኦስቲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2023 በኤመርሰን ኩባንያ ሥር የተጠቃለለው ናሽናል ኢንስትሩመንትስ ያመረታቸውን ሁለት ካርዶች በምሳሌነት መመልከት ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚሰካው ፒሲአይ-6221 የተባለው ካርድ በ5 ቮልት ጫፎቹ እስከ 1 አምፒር ድረስ ይሰጣል። በዩኤስቢ የሚያያዘውና በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች በስፋት የሚታወቀው ዩኤስቢ-6008 ግን የሚሰጠው እስከ 200 ሚሊ አምፒር ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከመጀመሪያው አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

የልዩነቱ መነሻ የዩኤስቢ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የዩኤስቢ 2.0 ደንብ መሠረት አንድ መሣሪያ ከአንድ የኮምፒዩተር መሰኪያ ሊወስድ የሚችለው ከፍተኛው መጠን 500 ሚሊ አምፒር ነው። መሣሪያው ከኮምፒዩተሩ ጋር ተዋውቆ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስም ከ100 ሚሊ አምፒር በላይ መውሰድ የለበትም። ካርዱ ከዚህ ላይ ለራሱ ሥራ የሚያስፈልገውን ካስቀረ በኋላ ነው ለተጠቃሚው የሚያካፍለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የዩኤስቢ 3.0 ደንብ የመሰኪያውን ጣሪያ ወደ 900 ሚሊ አምፒር ከፍ ቢያደርገውም፣ ለ2.0 ደንብ ተብሎ የተሠራ ካርድ በአዲሱ መሰኪያ ላይ በመሰካቱ ብቻ በመውጫው የሚሰጠው መጠን አይጨምርም።

200 ሚሊ አምፒር በ5 ቮልት ሲባዛ 1 ዋት ይሆናል። ተጠቃሚው በእጁ ያለው የኃይል በጀት ይህ ነው። ማንኛውም በጀት ወጪው አስቀድሞ ተደምሮ ከጣሪያው በታች መሆኑ እንደሚረጋገጥ ሁሉ፣ ከካርዱ ኃይል የሚወስዱ ዕቃዎችም ከመገናኘታቸው በፊት ፍጆታቸው አንድ በአንድ ሊደመር ይገባል።

በጀቱ ምን ይችላል?

ለጥቃቅን የልኬት ሰርኪዩቶች 200 ሚሊ አምፒር ከበቂ በላይ ነው። ኤልኤም35 የተባለው የሙቀት ሴንሰር የሚወስደው ከአንድ ሚሊ አምፒር አንድ አሥረኛ እንኳ ያነሰ ነው። ይህ ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 ሚሊ ቮልት የሚያወጣ ሲሆን፣ ከ4 እስከ 30 ቮልት ባለው በማንኛውም ኃይል ስለሚሠራ የ5 ቮልቱ መጠነኛ መዋዠቅ በውጤቱ ላይ የጎላ ለውጥ አያስከትልም። አንዲት ቀይ አመልካች መብራት ከ220 ኦም ሬዚስተር ጋር ተያይዛ ወደ 14 ሚሊ አምፒር ትወስዳለች። ኤምፒኤክስ5010 የተባለው የግፊት ሴንሰር ከ5 እስከ 10 ሚሊ አምፒር ይበቃዋል። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ቢገናኙ እንኳ ድምራቸው ከ30 ሚሊ አምፒር አይበልጥም።

በአንጻሩ የብረት ጥቅል ያለው ዕቃ በሚጨመርበት ጊዜ ሒሳቡ ይለወጣል። በ5 ቮልት የሚሠራ ተራ ሪሌይ በጥቅሉ ብቻ ወደ 70 ሚሊ አምፒር ይወስዳል። ሁለት ሪሌዮች 140 ሲደርሱ፣ ሦስት ሪሌዮች 210 ሚሊ አምፒር በመሆን የዩኤስቢ-6008ን ጣሪያ ያልፋሉ። ሞተርማ በሚነሳበት ወይም በሚታገትበት ቅጽበት የሚወስደው ኃይል በመደበኛ ሥራው ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን፣ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ከካርዱ ኃይል ላይ ማገናኘቱ አይመከርም።

የካርዱ ሌሎች ጫፎች ደግሞ ለኃይል ምንጭነት የተዘጋጁ አይደሉም። ዩኤስቢ-6008 በሁለቱ የአናሎግ መውጫዎቹ እያንዳንዳቸው እስከ 5 ሚሊ አምፒር ብቻ ይሰጣል። 2.5 ቮልት የሚል ምልክት ያለበት ጫፍም ለማነጻጸሪያ የታሰበ በመሆኑ አቅሙ 1 ሚሊ አምፒር ነው። ከእነዚህ ጫፎች ኃይል ለመውሰድ መሞከር መብራትን ከሚዛን መርፌ ላይ እንደ ማንጠልጠል ይቆጠራል።

ቁጥሩ እንዴት ይሳሳታል?

ከጣሪያው በታች መሆን ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ለማሳየት አንድ የተሟላ ምሳሌ በሒሳብ እንመልከት። ጥልቀቱ 1 ሜትር በሆነ ገንዳ ላይ የውኃውን ከፍታ የሚለካ አንድ ኤምፒኤክስ5010 ሴንሰርና ሁለት ቫልቮችን የሚከፍቱ ሁለት ሪሌዮች ተተክለዋል እንበል። ሴንሰሩ በገንዳው ውስጥ በገባ ቱቦ የታመቀውን አየር ግፊት እየለካ ከፍታውን ያሳውቃል። ሦስቱም ዕቃዎች ኃይል የሚያገኙት ከካርዱ በተዘረጋ 10 ሜትር ርዝመት ባለው አንድ ጥንድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ድምራቸው 150 ሚሊ አምፒር ገደማ በመሆኑ ከ200 በታች ነው፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ደንቡን የጠበቀ ይመስላል።

ይሁንና ሽቦው ራሱ ለሚያልፍበት ኃይል ተቃውሞ አለው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውለው ባለ 24 ቁጥር ቀጭን ሽቦ በአንድ ሜትር ወደ 0.084 ኦም ተቃውሞ ያሳያል። የመሄጃውና የመመለሻው ርዝመት በድምሩ 20 ሜትር ስለሆነ ጠቅላላው ተቃውሞ 1.68 ኦም ይሆናል። 150 ሚሊ አምፒር በዚህ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ 0.25 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል። በመሆኑም ካርዱ በትክክል 5 ቮልት ቢሰጥም ሴንሰሩ ዘንድ የሚደርሰው 4.75 ቮልት ነው። ሪሌዮቹ በጠፉ ጊዜ ግን በሽቦው የሚያልፈው የሴንሰሩ ጥቂት ሚሊ አምፒር ብቻ ስለሆነ ሴንሰሩ ወደ 5 ቮልት የተጠጋ ኃይል ያገኛል።

ይህ ሴንሰር የሚያወጣው ቮልቴጅ ከሚሰጠው ኃይል ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ የተሠራ ነው። ገንዳው በግማሽ ሞልቶ የውኃው ከፍታ 51 ሴንቲ ሜትር፣ ግፊቱም 5 ኪሎ ፓስካል በሚሆንበት ጊዜ ሴንሰሩ ከተሰጠው ኃይል 49 በመቶውን ያወጣል። ኃይሉ 5 ቮልት ከሆነ ውጤቱ 2.45 ቮልት ነው። ኃይሉ ወደ 4.75 ሲወርድ ግን ውጤቱ 2.33 ቮልት ይሆናል። የሴንሰሩ ምልክት በራሱ በተለየ ጥንድ ሽቦ መጥቶ በጥንቃቄ ቢለካም፣ ኮምፒዩተሩ ኃይሉ 5 ቮልት ነው በሚል ግምት ሲያሰላ ግፊቱን 4.73 ኪሎ ፓስካል፣ ከፍታውን ደግሞ 48 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብሎ ይመዘግባል።

እንግዲህ ቫልቮቹ በተከፈቱ ቁጥር ውኃው ገና ከመንቀሳቀሱ በፊት ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ በወረቀት ላይ ይጠፋል ማለት ነው። የገንዳው ወለል 20 ካሬ ሜትር ቢሆን ይህ ልዩነት ከ550 ሊትር በላይ ውኃ ይሆናል። ሪፖርቱን የሚያነብ ኃላፊ ገንዳው ያፈሳል ብሎ የጥገና ሥራ ሊያዝ፣ ወይም ያልባከነ ውኃ እንደ ባከነ ተቆጥሮ ሠራተኛ ሊጠየቅ ይችላል። የካርዱን ጥራት ማሻሻልም መፍትሔ አይሆንም። ዩኤስቢ-6008 በ20 ቮልት ስፋት ውስጥ 4,096 ደረጃዎችን ስለሚለይ አንዱ ደረጃ ወደ 4.9 ሚሊ ቮልት ነው፤ በምሳሌያችን የተፈጠረው ስሕተት ደግሞ 25 ደረጃዎችን ያህላል። ካርዱ የተሰጠውን ቮልቴጅ በሚገባ ለክቷል፤ የተሰጠው ቮልቴጅ ግን የውኃውን እውነተኛ ከፍታ አይወክልም።

የመመለሻው ሽቦ ጉዳይ

ሁኔታውን ይበልጥ አሳሳች የሚያደርገው የመመለሻው ወይም የግራውንድ ሽቦ ነው። ከጠፋው 0.25 ቮልት ግማሹ የሚቀረው በዚህ ሽቦ ላይ በመሆኑ፣ ሴንሰሩ ዜሮ ብሎ የሚቆጥረው ነጥብ ከካርዱ ዜሮ በ0.126 ቮልት ከፍ ብሎ ይገኛል። የሴንሰሩ ምልክት በአንድ ሽቦ ብቻ መጥቶ ከካርዱ ግራውንድ ጋር እየተነጻጸረ የሚለካ ከሆነ ይህ ጭማሪ በቀጥታ ከውጤቱ ጋር ይደመራል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ስሕተቶች በአንድነት ይሠራሉ። አንደኛው ውጤቱን ዝቅ፣ ሌላኛው ከፍ ያደርገዋል። ገንዳው በግማሽ ሲሞላ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተጣፍተው ውጤቱ ትክክል ይመስላል። ገንዳው ባዶ ሲሆን ግን ኮምፒዩተሩ የሌለ ውኃ 2.6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እንዳለው ያሳያል፤ ሲሞላ ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጉድሎ ይመዘግባል። በመሆኑም ገንዳው በግማሽ በነበረበት ሰዓት ብቻ ተፈትሾ የተረከበ መሣሪያ ፈተናውን ያለ አንዳች ነቀፋ ያልፍና ስሕተቱ ከርክክብ በኋላ ይከተላል።

መፍትሔው ምልክቱን በሁለት ሽቦ፣ ማለትም በዲፈረንሻል ዘዴ መለካት ነው። ዩኤስቢ-6008 ካሉት ስምንት የአናሎግ መግቢያዎች በዚህ ዘዴ አራት ልኬቶችን ማስተናገድ ይችላል። የመግቢያዎቹ ቁጥር በግማሽ መቀነሱ ወጪን የሚጨምር ቢመስልም፣ በረጅም ሽቦ በሚከናወን ልኬት ላይ የሚያስገኘው ጥቅም ያመዝናል። ሁለተኛው ዘዴ የሴንሰሩን ኃይል ራሱን ሴንሰሩ ባለበት ቦታ በሌላ መግቢያ መለካትና አንዱን ለሌላው ማካፈል ነው። 2.33 ለ4.75 ሲካፈልም ሆነ 2.45 ለ5 ሲካፈል ውጤቱ ያው 0.49 በመሆኑ ከፍታው ወደ ትክክለኛው 51 ሴንቲ ሜትር ይመለሳል። ከሁሉም የሚቀልለው ግን ሪሌዮቹን ከሴንሰሩ መስመር ለይቶ የራሳቸው ኃይል እንዲኖራቸው ማድረግ ነው።

ሪሌይ በሚኖርበት ጊዜ

ሪሌይን ከካርዱ የዲጂታል ጫፍ ጋር በቀጥታ ማገናኘት አይቻልም፤ ጫፉ ሊሰጥ የሚችለው ጥቂት ሚሊ አምፒር ብቻ ነው። በመሆኑም ጫፉ ትራንዚስተርን ያዝዛል፤ ትራንዚስተሩ ደግሞ የሪሌዩን ኃይል ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሪሌዩ ጥቅል ላይም ዳዮድ በግልባጭ አቅጣጫ ሊታሠር ይገባል። ኃይሉ በድንገት ሲቋረጥ ጥቅሉ በውስጡ ያከማቸውን ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ መልክ ስለሚያስወጣ፣ ዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነው ይህ ዳዮድ ባለመኖሩ ትራንዚስተሩ፣ አልፎ ተርፎም ካርዱ ሊበላሽ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ነጥብ አለ። በዩኤስቢ-6008 ላይ እያንዳንዱ የዲጂታል ጫፍ በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከ5 ቮልት ጋር የተያያዘ ነው። ስለሆነም ኮምፒዩተሩ በርቶ ፕሮግራሙ ገና ትእዛዝ ባልሰጠበት ጊዜ ጫፎቹ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ ይቆያሉ። በዚህ ሬዚስተር በኩል ወደ ትራንዚስተሩ የሚገባው ኃይል ወደ 0.9 ሚሊ አምፒር ሊደርስ የሚችል ሲሆን፣ ትራንዚስተሩ መቶ እጥፍ የሚያጎላ ከሆነ 70 ሚሊ አምፒር የሚፈልገውን ሪሌይ ለማብራት ይበቃል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቫልቭ ወይም ፓምፕ ማንም ሳያዘው የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ችግሩ የሚወገደው ሰርኪዩቱ ከፍ ያለው ቮልቴጅ “ዝጋ”፣ ዝቅ ያለው ደግሞ “ክፈት” የሚል ትርጉም እንዲኖረው ተደርጎ በሚነደፍበት ጊዜ ነው።

ከዚህም ባሻገር የካርዱ ኃይል ሕልውና በኮምፒዩተሩ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ሊታወስ ይገባል። ኮምፒዩተሩ ኃይል ለመቆጠብ ሲያንቀላፋ ወይም ሲጠፋ 5 ቮልቱም ሊቋረጥ ይችላል። ለሳምንታት በሚቀጥል ምዝገባ ላይ የሚሠራ ኮምፒዩተር የማንቀላፋት ሥርዓቱ መዘጋቱን ማረጋገጥ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የተለየ የኃይል ምንጭ መቼና እንዴት?

ፍጆታው ከጣሪያው ግማሽ በላይ ሲሆን፣ ሪሌይ ወይም ሞተር ሲኖር፣ ሽቦው ሲረዝም፣ ወይም ልኬቱ ከፍተኛ ጥራት ሲጠይቅ የተለየ የኃይል ምንጭ መጠቀሙ ተመራጭ ነው። አንዳንድ ሰርኪዩቶች በባሕርያቸው 5 ቮልት ብቻውን አይበቃቸውም። ለምሳሌ በስፋት የሚታወቀው ኤልኤም358 የተባለ ማጉያ በ5 ቮልት ሲሠራ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ 3.5 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ምልክት ተቆርጦ ስለሚቀር የሴንሰሩ የላይኛው የልኬት ክልል ሳይመዘገብ ያልፋል።

ከ9 እስከ 12 ቮልት የሚሰጥ ተራ አዳፕተርና 7805 የተባለው ቮልቴጅ ማረጋጊያ በአንድነት ሲሠሩ የተረጋጋ 5 ቮልት ይገኛል። ማረጋጊያው ከሚሰጠው ቢያንስ 2 ቮልት የበለጠ ስለሚፈልግ ከካርዱ 5 ቮልት ላይ ተነስቶ 5 ቮልት ሊያወጣ አይችልም። በ12 ቮልት ገብቶ ግማሽ አምፒር ሲያስተላልፍ 3.5 ዋት ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ማቀዝቀዣ ብረት ሊገጠምለት ይገባል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ደንቦች መከበር አለባቸው። አንደኛ፣ የውጭው ምንጭ ፖዘቲቭ ጫፍ ከካርዱ የ5 ቮልት ጫፍ ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም። ሁለቱ ምንጮች በቮልቴጃቸው በጥቂቱም ቢለያዩ አንዱ ኃይሉን ወደ ሌላው ይገፋል፤ ኃይሉም በካርዱ በኩል ወደ ኮምፒዩተሩ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሴንሰሩ በውጭ ምንጭ ሲሠራ የምንጩ ግራውንድ ከካርዱ ግራውንድ ጋር በአንድ የተወሰነ ነጥብ መገናኘት አለበት፤ ያለበለዚያ ካርዱ ምልክቱን የሚያነጻጽርበት መነሻ አይኖረውም።

ሪሌዩ የሚከፍተውና የሚዘጋው በአገራችን በሥራ ላይ ያለውን የ220 ቮልት መስመር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከልኬት ጥራት አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የ220 ቮልቱ ክፍል በተለየ ሣጥን ተዘግቶ፣ ትእዛዙም በብርሃን በሚያስተላልፈው ኦፕቶካፕለር በኩል እንዲሄድና በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚያገናኝ ሽቦ እንዳይኖር ማድረግ ያስፈልጋል። ሥራውም ብቃቱ በተረጋገጠ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊከናወን ይገባል።

ከኃላፊዎች ምን ይጠበቃል?

የሥራ ኃላፊዎች ሰርኪዩት እንዲነድፉ አይጠበቅም። ይሁንና በግዥ ዝርዝር መግለጫ፣ በርክክብ ሰነድና በዓመታዊ ሪፖርት ላይ የሚፈርሙ እንደመሆናቸው መጠን ተገቢውን ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። ቀዳሚው ጥያቄ ከካርዱ ኃይል የሚወስዱት ዕቃዎች ዝርዝርና የፍጆታቸው ድምር የት ተጽፏል የሚል ነው። ይህ ሠንጠረዥ ከአንድ ገጽ የማያልፍ በመሆኑ አለማቅረብ በቂ ምክንያት ሊኖረው አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ልኬቱና ማብራት ማጥፋቱ በአንድ የኃይል መስመር ላይ ናቸው ወይስ ተለያይተዋል የሚል ነው። ሦስተኛው የሴንሰሩ ውጤት ከሚሰጠው ኃይል ጋር አብሮ የሚለዋወጥ ዓይነት መሆን አለመሆኑን፣ የሚለዋወጥ ከሆነም ኃይሉ አብሮ እየተለካ መመዝገብ አለመመዝገቡን ይመለከታል። አራተኛው ኮምፒዩተሩ በሚነሳበትና በሚጠፋበት ጊዜ ሪሌዮቹ በምን ሁኔታ ላይ ይሆናሉ የሚለው ነው።

ከሁሉም በላይ አስተማማኝ የሚሆነው በርክክብ ዕለት የሚደረግ ፈተና ነው። የመሣሪያው ንባብ ሁሉም ሪሌዮች ጠፍተው አንድ ጊዜ፣ ሁሉም በርተው ሌላ ጊዜ ይወሰድ። ይኸው በባዶ፣ በግማሽና በሙሉ መጠን ይደገም። ስድስቱ ንባቦች በተራ ማስመሪያ ወይም በሌላ በታመነ መለኪያ ከተገኘው ውጤት ጎን ይጻፉ። ሪሌዮቹ ሲበሩ ንባቡ የሚዘል ከሆነ የኃይል አቅርቦቱ ሳይስተካከል ርክክብ ሊፈጸም አይገባም። በዚያው ጊዜ በተለምዶ ቴስተር በሚባለው መልቲሜትር ሴንሰሩ ዘንድ የሚደርሰውን ቮልቴጅ መለካት የችግሩን ምንጭ ወዲያውኑ ያሳያል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቴስተር፣ አንድ ማስመሪያና ገንዳውን ሞልቶ ለማጉደል የሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው።

አስቀድሞ ሥራ ላይ የዋሉ መሣሪያዎችም ቢሆኑ በዚሁ መንገድ ሊፈተሹ ይችላሉ። ስሕተት ከተገኘ ቀደም ሲል የተመዘገቡት ቁጥሮች ሁሉ መጣል አለባቸው ማለት አይደለም። ሪሌዮቹ የበሩበትና የጠፉበት ሰዓት በመዝገቡ ላይ ካለ፣ የጠፉበትን ጊዜ ንባብ ለይቶ መጠቀምና የቀረውን በተገኘው የስሕተት መጠን ማረም ይቻላል። ሰዓቱ ካልተመዘገበ ግን የትኛው ቁጥር ትክክል እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ የሪሌዮች ሁኔታ ከልኬቱ ጋር አብሮ እንዲመዘገብ ከመጀመሪያው ማዘዙ ይመረጣል።

የካርዱ 5 ቮልት በተወሰነለት ልክ ሲሠራበት ለትምህርት፣ ለምርምርና ለአነስተኛ የቁጥጥር ሥራዎች ወጪ ቆጣቢ አገልግሎት የሚሰጥ ነው። በመሆኑም የመሣሪያው ባለቤት የሆኑ ተቋማት የፍጆታውን ድምር አስቀድመው ማስላትን፣ ልኬትን ከማብራት ማጥፋት መለየትንና በጭነት ላይ መፈተሽን የአሠራራቸው አካል ሊያደርጉ ይገባል።